ዲፖዚቴን ልጠይቅ ከስሼ እኔው ክፈል ተባልኩ፤ ይግባኝ አለኝ ወይ? (ካሊፎርኒያ)

ጥያቄ (ተከራዩ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኦክላንድ የነበርኩበትን አፓርታማ ስለቅ ያስያዝኩት 3,200 ዶላር አልተመለሰልኝም። አከራይ ከለቀቅኩ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ ወይም የተቀናሽ ዝርዝር መላክ አለበት፤ የኔው ግን ዝርዝሩን የላከው በ26ኛው ቀን ስለሆነ "21 ቀኑን አሳልፏል" ብዬ ስሞል ክሌይምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያየው ፍርድ ቤት) ከሰስኩ። እሱ ደግሞ ምንጣፍና ቀለም አበላሽቷል ብሎ መልሶ ከሰሰኝ። ዳኛው የኔን ውድቅ አድርጎ ከዲፖዚቱ በላይ 2,400 ዶላርና የመዝገብ መክፈቻ 50 ዶላር ክፈል አለኝ። የውሳኔው ማስታወቂያ በፖስታ ከተላከ 18 ቀን ሆኖታል። ከሳሽ ይግባኝ የለውም ይሉኛል፤ እውነት ነው? ባልከፍልስ?

መልስ (መዝገብ ቤት)፦
ግማሹ እውነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳሽ በራሱ ክስ ቢረታ ይግባኝ የለውም። አከራዩ መልሶ ባቀረበው ክስ ላይ ግን እርስዎ ተከሳሽ ነዎት፤ በዚያ በኩል ይግባኝ ይችላሉ። ይግባኙ ሲሰማ ደግሞ የሁለቱም ወገን ጥያቄ ከመጀመሪያው ስለሚታይ የ3,200ው ጉዳይም አብሮ ይነሳል።

ቅጹ ኤስሲ-140 ነው፤ ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይሰጣል። ክፍያው 75 ዶላር፤ አቅም ከሌለ ኤፍደብሊው-001 ሞልተው ነጻ እንዲደረጉ ይጠይቁ። የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም የውሳኔ ማስታወቂያው (ኤስሲ-130) ላይ ሬጅስትራሩ ፖስታ ላክሁ ብሎ ከጻፈበት ቀን እንጂ ፖስታውን ከከፈቱበት አይደለም። ስለዚህ 12 ቀን ቀርቶዎታል። በመጨረሻው ቀን ፖስታ ቤት መጣል ዋጋ የለውም፤ በዚያ ቀን መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት።

ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ አፈጻጸሙ ይቆማል። የሚሰማው ሌላ ዳኛ ነው፣ ጠበቃም ይፈቀዳል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ይግባኝ የለም። ለማጓተት ብቻ የገባ መሆኑ ከታመነ የአከራዩን የጠበቃ ወጪ እስከ 1,000 ዶላር ሊያስከፍልዎ ይችላል። ውሳኔ እንዲሰረዝ የሚጠየቅበትን ኤስሲ-135 የሚባለውን ቅጽ ቢሰጡዎት አይሙሉ፤ እሱ ችሎት ላልቀረበ ሰው ነው።

መልስ (ባለ ካልኩሌተር)፦
ወንድሜ፣ የተሸነፍከው በ21 ቀኑ ላይ ብቻ ስለተደገፍክ ይመስለኛል። ቀኑን ያሳለፈ አከራይ ዲፖዚቱን ይዞ የመቆየት መብቱን ያጣል እንጂ ለጉዳት የመጠየቅ መብቱን አያጣም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ካስረዳ ማካካስ ይችላል፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 እንዲህ ወስኗል። ስለዚህ አሁን ክርክርህ የጉዳቱ ገንዘብ መጠን ላይ ይሁን።

ምንጣፉ ስንት ዓመቱ ነው? አዲሱ 3,000 ዶላር ቢወጣበት፣ የምንጣፍ ዕድሜ 10 ዓመት ቢባል፣ ያንተ 8 ዓመት ያገለገለ ከሆነ የቀረው ዋጋ 600 ነው። በመደበኛ አጠቃቀም ያለቀው ደግሞ ጭራሽ ያንተ ዕዳ አይደለም። ቀለምም እንደዚሁ። ጥገናና ጽዳት ከ125 ዶላር ካለፈ ደረሰኝ ማያያዝ ነበረበት፤ ራሱ ሠርቶት ከሆነ ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት ብሎ መጻፍ። ከኤፕሪል 1 2025 ወዲህ ከሆነ ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ የማንሳት ግዴታም አለበት።

ጥያቄ (ተከራዩ)፦
ምንጣፉ ስገባ አሮጌ ነበር፤ የመግቢያ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ደረሰኝ አላሳየም፣ ከኮንትራክተር የዋጋ ግምት ብቻ ነው ያመጣው። አማርኛ አስተርጓሚ ይሰጡኛል?

መልስ (ባለ ካልኩሌተር)፦
ስልክህን ለዳኛው አታሳይ፤ ፎቶውን ቀኑ እንዲታይ አድርገህ በወረቀት አትም። ሦስት ቅጂ፦ ለዳኛው፣ ለአከራዩ፣ ላንተ። ለመጀመሪያው ዳኛ የሰጠኸውን ማስረጃ ይግባኝ ሰሚው አይቶታል ብለህ አትተማመን፣ ሁሉንም እንደገና ይዘህ ግባ። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ በአይኤንቲ-300 ቅጽ ቀጠሮው እንደታወቀ ጠይቅ። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደ ስፓኒሽ በየችሎቱ ቆሞ አይጠብቅም።

መልስ (ከቨርጂኒያ)፦
እዚህ ያላችሁ ይህን እንዳትገለብጡ። ቨርጂኒያ ይግባኙ በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ሜሪላንድ 30 ቀን።

መልስ (መዝገብ ቤት)፦
ትክክል። "ባልከፍልስ" ላሉት፦ ይግባኝ ካላሉ 30 ቀኑ ሲያልቅ አከራዩ የባንክ ሂሳብ ማስያዝ ወይም ከደመወዝ ማስቆረጥ ይችላል። ከደመወዝ የሚቆረጠው ከግብርና ከሌሎች የግዴታ ተቀናሾች በኋላ ከሚተርፈው ከ20 በመቶ አይበልጥም። ወለድም በዓመት እስከ 10 በመቶ ይታሰባል። ካልከፈሉ ያለዎትን ንብረት የሚዘረዝረውን ኤስሲ-133 ሞልተው ለአከራዩ መላክ አለብዎ፤ ብዙዎች ዝም ብለው ይጥሉትና ፍርድ ቤት ይጠራሉ። በየወሩ ለመክፈል ኤስሲ-220 አለ። ከፍለው ሲጨርሱ አከራዩ መከፈሉን አረጋግጦ ኤስሲ-290 እንዲያስገባ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ 14 ቀን አለው። ያ ካልገባ ዕዳው በመዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል።

የቀሩት 12 ቀናት ሳያልቁ ግን የካውንቲውን የስሞል ክሌይምስ አማካሪ ያነጋግሩ፣ በነጻ ነው። ኤስሲ-130ንና የአከራዩን ክስ ይዘው ይሂዱ።