ከክረምቱ በፊት የሞተሮቻችን ኤሌክትሪክ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን። ከሰኔ በፊት ለጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። የሚመለከተው በወረታ ዙሪያ ርብንና ጉማራን እየተሻገሩ የሚሠሩትን 24 ሞተር ሳይክሎች ነው፦ 15 ያማሃ ዲቲ 125፣ 6 ያማሃ ኤጂ 100፣ የቀሩት 3 በባትሪ የሚነሡ። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ መንገድ ላይ የሚቆመውም ሞተር ይበዛል።

ረቂቁ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ለየሞተሩ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ተገዝቶ የሽቦ መገናኛ ሶኬቶቹ በሙሉ ይደፈኑ። ሁለተኛ፣ 6 መለዋወጫ ሲዲአይ (የሞተሩን የእሳት ብልጭታ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ይገዛ። ሦስተኛ፣ ግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም በአንድ ቦታ ይሠራ። የሚጨመር የሚቀነስ ካለ ምክንያቱን ጨምራችሁ ጻፉ።

ባለ ጋራዡ፦
አንደኛው ነጥብ እንዳለ ከጸደቀ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይብሳል። የመስኮት ሲሊኮን፣ ያ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ እየደረቀ ሲሄድ አሲድ ይለቃል፤ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። የተደፈነ ሶኬት ደግሞ ለምርመራ አይከፈትም፤ ገመዱን መቁረጥ ሊመጣ ነው። የሚያስፈልገን የሲሊኮን ግራሶ (ወፍራም ቅባት) ነው። እሱ አይደርቅም፣ የሶኬቱንም ጎማ አይጎዳም። የኩሺኔታ ግራሶ ምትኩ አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠውና መግጠሙ ይቀራል።

ግራሶው ራሱ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ አትርሱ። ችግር የማይፈጥረው ፒኑ ጠበቅ ብሎ ሲገባ ከሚነካካበት ቦታ ገፍቶ ስለሚያስወጣው ነው። ፒኑ ልል ከሆነ ግራሶ መቀባት ብልሽቱን መሸፈን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ባትሪ ካለው ኔጌቲቩ ይፈታ፤ ሶኬቱ ተከፍቶ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳ፤ በአየር ተነፍቶ በደንብ ይድረቅ፤ የላላ ተቀባይ ፒን በቀጭን መርፌ ይጥበብ። ከዚያ በኋላ ነው የምስር ፍሬ የምታህል ግራሶ ጎማው ላይና ገመዱ ከጀርባ በሚገባበት በኩል የምትቀባው። እርጥብ ሶኬት ላይ ግራሶ መቀባት ውኃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። ለአንድ ሞተር 10 ግራም ይበቃል፤ ለሁሉም 250 ግራም ብንይዝ ይተርፋል።

ባለ ዲቲ፦
ተግባብተናል ጋሼ። ግን ሽቦውን በሙሉ ከመሪው እስከ ኋላ መብራቱ በጥቁር ቴፕ አጥብቀን ብንጠቀልለው ውኃው በየት ይገባል?

ባለ ጋራዡ፦
መግባቱንስ ይገባል፤ መውጫ ነው የሚያጣው። ከፊት መብራቱ ጀርባ ገብቶ ሽቦውን ተከትሎ ይወርድና ታንከሩ ሥር ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ቴፑም ፀሐይ ሲያገኘው ሙጫው ይቀልጥና ጭቃ ይለጥፋል። እኔ የምለው፣ የጥቅሉ ዝቅተኛ ቦታ ክፍት ይተው። ሶኬቶቹ አፋቸው ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይዙር። ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይመለስ፤ ጠብታው ከጉብጠቱ ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ ነው።

የተቀጠለ ሽቦ ያለበት ሞተር ቅጥያው ተፈቶ በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ ይሠራ፤ ላዩ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይግባበት። ሙጫ የሌለው ዓይነት ርካሽ ነው፣ ውኃ ግን አይከላከልም። ስታኞ (ሽቦ በቀለጠ ብረት መበየድ) የምትወዱ አላችሁ፤ ስታኞው ያለቀበት ጫፍ ላይ ሽቦው እንደ ችቦ እንጨት ይደርቃል፣ በኮሮኮንች መንገድ ንዝረት እዚያው ላይ ይቆረጣል። መንቀጥቀጥ በሌለበት ቦታ ካልሆነ አልመክርም።

የመስክ ባለሙያዋ፦
አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ወንዝ መሀል የጠፋ ሞተር ሁሉ የኤሌክትሪክ ብልሽት የለበትም። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ወደ ታች የተንጠለጠሉት ቀጫጭን ቱቦዎች መተንፈሻ ናቸው። ጫፋቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ የካርቡራተሩ የቤንዚን ሳህን አየር ስለሚያጣ ቤንዚን መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ከውኃው ሲወጣ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል፤ ሰውም «ሲዲአዩ ደረቀለት» ይላል። መፍትሔው በየመተንፈሻው ላይ የቲ ቅርጽ ያለው ማገናኛ ገብቶ አንዱ ቅርንጫፍ ታንከሩ ሥር ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የትርፍ ቤንዚን መፍሰሻው ግን እንደነበረ ወደ ታች ይቅር። ይህን በዕቅዱ ካላስገባነው የሚገዛው ሁሉ ያለ ቦታው ነው የሚውለው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔን የከበደኝ ሁለተኛው ነጥብ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የስድስት ሲዲአይን ያህል አያስወጣም። በእርግጥ የሚበላሸው እሱ ነው?

ባለ ጋራዡ፦
እህታችን ልክ ነሽ። ሲዲአይ ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ውኃ በቀላሉ አይገባበትም። የሚያስቸግረው ሶኬቱ፣ የማጥፊያ ቁልፉና የካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ቆብ ነው። ሰው ሲዲአይ የሚቀይረው ስለማይለካ ነው፤ ሊቀይር ሲል ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ይሰካል፣ ዝገቱ ይፋቅና ይነሣል፣ ምስጋናው ለአዲሱ ዕቃ ይሆናል። ስድስቱ ቀርቶ ለዲቲ አንድ፣ ለኤጂ አንድ ይበቃል፤ እነሱም ማነጻጸሪያ እንጂ መቀየሪያ አይደሉም።

በዲቲና በኤጂ 100 የፍተሻው ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ተጽፎ ከመቀመጫው ሥር ቢቀመጥ ይሻላል። መጀመሪያ ካንዴላው ይፈታ። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ ነው፤ ቤንዚን ከነካው እሳቱ ይታይ። ሌላ ደህና ካንዴላ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ብረቱ ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ ተነካክቶ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ብሎ የማስነሻው ፔዳል ይመታ፤ አለዚያ ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላል። ካንዴላውን አየር ላይ አንጠልጥሎ መምታትም ክልክል ነው፤ እሳቱ መሄጃ ሲያጣ ሲዲአዩን ወይም ቦቢናውን (የእሳቱን ቮልት ከፍ የሚያደርገውን ጥቅልል) ያቃጥላል።

እሳት ከሌለ ማንኛውም ነገር ከመገዛቱ በፊት ከሲዲአዩ ወደ ማጥፊያ ቁልፉ የሚሄደው ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ያለበት ገመድ ይነቀል። በእነዚህ ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው ያንን ገመድ ከማሳ (ከሞተሩ ብረት) ጋር በማገናኘት ነው። ቁልፉ ውስጥ ጭቃ ውኃ ከገባ ማንም ሳይነካው ሞተሩን ያጠፋዋል። ገመዱ ተነቅሎ እሳት ከመጣ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። እንዲያ ሆኖ ቤት መግባት ይቻላል፤ ሞተሩ ግን በቁልፍ አይጠፋም፣ ፍሬን ይዞ በማርሽ ማፈን ነው።

ይህ ካልሆነ ቆቡ ከገመዱ ላይ በማዞር ይነቀልና ይለካ፤ ውስጡ ሬዚስተር ያለበት ዓይነት ወደ 5 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። የወፍራሙ ገመድ ጫፍ ከጠቆረ 5 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ ቆቡ እንደገና ይጠምጠም። ቀጥሎ የቦቢናው ማሳ፦ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀለምና ዝገት ካለው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። የማግኔቱ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ጥቅልሎች የሚለኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ልኬቱ እንደጠፋ ወዲያው ይወሰድ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደህና ቁጥር ሰጥቶ ያታልላል።

ባለ ኤጂ፦
የካንዴላው ቆብ ላይ ለሚጠራጠር፦ ማታ ጨለማ ቦታ ሞተሩን አስነሥቶ በአበባ ማጠጫ ስፕሬይ ቆቡ፣ ቦቢናውና ገመዱ ላይ ውኃ ይርጭ። የሚያሾልክ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ብረት ሲሮጥ በዓይን ይታያል። እጅን ማራቅ ነው፤ አይገድል ይሆናል፣ ግን ያስዘልላል።

የመስክ ባለሙያዋ፦
ጋሼ፣ ጥቅልሎቹ ስንት ኦም ማሳየት እንዳለባቸው በምን እናውቃለን? የየሞዴሉ ቁጥር ይለያያል፤ መመሪያው በእጁ ያለም ጥቂት ነው።

ባለ ጋራዡ፦
እንዲያውም የቅዳሜዋ ዋና ሥራ ይህ ይሁን። ሁሉም ሞተር ደህና ሆኖ፣ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ይለካና በካርድ ይመዝገብ፦ የማግኔቱ ጥቅልሎች፣ የቦቢናው ሁለቱም ወገን፣ የቆቡ። ነሐሴ ላይ ሲቆም የዚያኑ ሞተር የግንቦት ቁጥር ነው የምናይ። 15 ዲቲ ጎን ለጎን ሲለካ ደግሞ ከመንጋው የተለየው ያኔውኑ ይታወቃል፤ ሳይጠፋ በፊት ማለት ነው።

በባትሪ ለሚነሡት ሦስቱ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል። ተነሥቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.7 ይሁን። ከ15 ካለፈ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ነው፤ ከ13 ካልወጣ ከመግዛት በፊት የሬጉሌተሩ ሶኬት ይታይ፣ ቀልጦ የሚገኘው እሱ ነውና። ማስነሻው ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ የማሳው ገመድ ዝጓል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልል አባል ካለ ጉባኤው ይቅጣው።

ባለ ዲቲ፦
ደብሊውዲ-40 የሚባለው ስፕሬይስ? ሁሉም ጋ አለ።

ባለ ጋራዡ፦
ውኃ ለማባረር መንገድ ላይ ጥሩ ነው። ለክረምት መከላከያ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል።

ጸሐፊ፦
እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። አንደኛ፣ መደፈን ቀርቶ ማጽዳት፣ ማድረቅና መቀባት፤ ግዢው 250 ግራም የሲሊኮን ግራሶ፣ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮንታክት ማጽጃ 5 ቆርቆሮ፣ ባለ ሙጫ ቱቦ 12 ሜትር በሦስት ውፍረት፣ ማሰሪያ 400፣ ለየሞተሩ ሁለት የቲ ማገናኛና አንድ ሜትር ቀጭን ቱቦ። ሁለተኛ፣ ሲዲአይ 2፣ የካንዴላ ቆብ 8፣ ካንዴላ 24። ሦስተኛ፣ የቅዳሜው ልኬትና ካርድ። የፍተሻውን ገጽ እኔ እተይባለሁ። ገንዘብ ያዥ ከሦስት መደብር ዋጋ ትሰብስብ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሰበስባለሁ። የላቫጆው ነገርም ይግባ እንጂ። ከመንገድ እንደገባ ትኩስ ሞተር ላይ ባለ ግፊት ውኃ ሲለቀቅበት ውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰብና ውኃውን በየስንጥቁ ስቦ ያስገባል።

ጸሐፊ፦
ገብቷል፦ «ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ይቀዝቅዝ፤ ግፊቱ ወደ መሪው ቁልፎች፣ ወደ ካንዴላውና ወደ ማግኔቱ ገመድ መውጫ አይነጣጠር።» ቴስተር (የኦምና የቮልት መለኪያ) ማን ያመጣል?

ባለ ጋራዡ፦
ሁለት አለኝ፤ ሦስተኛ ይጨመር። የምታመጡት የውስጡን ባትሪ ቀይራችሁ ኑ፤ ባትሪው የደከመ ቴስተር ቮልቱን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ያኔ ደህና ሬጉሌተር ፈትተን እንጥላለን።