ኦፔራና ፖለቲካ ፈረንሳይ ውስጥ ምን አገናኛቸው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ጀመዓው ሰላም ነው? ፒያሳ ቡና ላይ ስንከራከር አንዱ ኦፔራ ዘፈን ነው ፖለቲካ ምን አገባው አለ፣ እስቲ የምታውቁ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የፓሪስ ኦፔራ ሲጀመርም የቤተ መንግሥት ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1669 ሉዊ 14ኛ ፈቅዶ ነው የተቋቋመው። ያኔ ባላባቱ ሎዥ (ከፍ ያለ የግል ክፍል) ተከራይቶ ይቀመጥ ነበር፣ ታች ፓርተር (መድረኩ ፊት ያለው ወለል) ያለው ቆሞ ያይ ነበር፣ ብዙው ባላባት ደሞ የሚመጣው ለመታየት ነበር

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ በ1858 ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን 3ኛ ኦፔራ ደጃፍ ሲደርስ ቦንብ ተወረወረበት፣ እሱ ተረፈ ሌሎች ሞቱ፣ ከዛ አዲሱ የኦፔራ ሕንፃ ፓሌ ጋርኒዬ ሲሠራ ሰረገላው በቀጥታ የሚገባበት የራሱ መግቢያ ወጣለት። ምን ዋጋ አለው፣ በ1875 ሲመረቅ ሰውዬው ከዙፋን ወርዶ ሞቷል 😂

መልስ፦ ሌላኛው የፓሪስ ኦፔራ ቤት ባስቲልንስ? ፕሬዝዳንት ሚተራን ለሰፊው ሕዝብ ብሎ (ደርግ ትዝ አለኝ) በ1989 አብዮቱ 200 ዓመት ሲሞላ አስመረቀው፣ ጥሩው ወንበር ግን አሁንም የሀብታም ነው