ዚል 131 ላይ የናፍጣ ሞተር ጭነን ካምቢዮው እየጮኸ ነው
ልደታ አካባቢ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የአንድ አሮጌ ወታደራዊ የጭነት መኪና፣ የዚል 131ን ባለ 6 ሊትር ቤንዚን ሞተር አውርደን (አጠጣጡን አያድርስ ነው!) የአይሱዙ ኤፍኤስአር ናፍጣ ሞተር ጫንን። ካምቢዮው የዚሉ የራሱ ነው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘውን ማገናኛ ከወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት አሠራን።

ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ነገር ግን ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ከ1,500 ዙር ሲያልፍ ካቢናው ይንቀጠቀጣል፣ ካምቢዮው ያጉረመርማል። ፍሪሲዮን ስንረግጥ ጸጥ ይላል። ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ያለውን ኩሽኔታ ከሶማሌ ተራ ገዝተን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ኮምፓራቶር (ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ ሰዓት መሰል መለኪያ) ቮላኖው ላይ አስረን ስናዞር፣ ማገናኛው ላይ ካምቢዮው የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ በጠቅላላ 0.6 ሚሊሜትር ያሳያል፤ ማለትም ማዕከሉ 0.3 ሸሽቷል።

ይህን የሠራችሁ፣ የማገናኛውን ቦታ የሚወስኑትን ፒኖች ነቅለን ማገናኛውን በማሸሽ ማዕከሉን ብናስተካክል ይዘልቃል ወይስ እንደ አዲስ ማሠራት ይሻላል?