ሬንደር ስጀምር ኮምፒውተሬ ሙሉ በሙሉ ስታክ ያደርጋል። እውነት ግራፊክስ ካርዱ ነው?

ሬንደር_በሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክት ነኝ። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ አያት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ ለሌሎች ቢሮዎች ሬንደር እሠራለሁ፣ ማለትም ከ3ዲ ሞዴል ምስል አወጣለሁ። የምጠቀመው ብሌንደርና ሉሚዮን ነው።

ከባድ ሲን (የ3ዲ ትዕይንት) ከፍቼ ሬንደር ስጀምር ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። የሚቆመው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ነገር ነው። ማውሱ ባለበት ይቀራል። ዘፈን ከፍቼ ከሆነ የመጨረሻዋ ድምፅ "ዝዝዝዝ" እያለች ትቀጥላለች። ካፕስ ሎክን ብጫን መብራቷ አትበራም። ፋኖቹ ግን ይሽከረከራሉ። ፓወሩን ተጭኖ ይዞ ከማጥፋት ሌላ መውጫ የለም። አንዳንዴ ገና ከመጀመሬ ነው፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ። ኦቶካድ ወይም ፊልም ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ምንም አይሆንም።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600 ነው። ካርዱ አርቲኤክስ 3070 ባለ 8 ጊጋ፣ ፓወር ሰፕላዩ 650 ዋት። ራሙ መጀመሪያ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ነበር። ትልልቅ ሲን ሲመጣብኝ ሌላ ሁለት ባለ 8 ጨምሬ 32 አደረስኩት። አራቱም ላይ ፍጥነታቸው 3200 ተብሎ ተጽፏል። የተሰካው በስታቢላይዘር ነው።

ድራይቨሩን ሴፍ ሞድ ገብቼ ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጽጃ ጠርጌ አዲስ ጫንኩ። ዊንዶውሱንም ፎርማት አስደረግሁት። የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ (ኢቨንት ቪወር) ላይ የማገኘው "ከርነል ፓወር 41" ብቻ ነው። ብሉ ስክሪን አንዴም አልመጣም። ሌላው፣ ምናልባት አይገናኝ ይሆናል፣ ብሌንደር አልፎ አልፎ በራሱ ይዘጋል። በቅርቡ ደግሞ ያወረድኩት የፈርኒቸር ዚፕ ፋይል ተበላሽቷል ብሎ አልከፈት አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ፋይል ስሞክረው ተከፈተ።

የወሰድኩበት ጥገና ቤት "ካርዱ አልቆለታል፣ ቀይሪው" አለኝ። የካርድ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ለእኔ የብዙ ወር ደሞዝ ነው። ያንን ከማውጣቴ በፊት ችግሩ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሐዋሳ_3ዲ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ሙቀቱን እዪ። ኤችደብሊው ኢንፎን አውርጂና ሬንደር እየሠራ ቁጥሩን ተከታተዪ። የካርዱን ብቻ ሳይሆን "ሀት ስፖት" የሚለውንም፣ ማለትም የካርዱ ቺፕ በጣም የሚሞቅበትን ነጥብ፣ እዪ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። አቧራ ሲጨመርበት አስቢው።

ሬንደር_በሌሊት

አመሰግናለሁ። ሬንደር ላይ ካርዱ 72፣ ሀት ስፖቱ 84፣ ፕሮሰሰሩ 76 ዲግሪ ነው። የኬዙን ጎን ከፍቼ ፋን አዙሬበት ሞከርኩ፣ ያው ነው። ካርዱ ገና 60 ሳይደርስ ስታክ ያደረገበት ጊዜም አለ።

ከጥገና_ጠረጴዛ

እንግዲያው ሙቀት አይደለም። እነዚህ ቁጥሮች ደህና ናቸው።

"41" የሚለውን እርሺው። የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይጠፋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው። አንቺ ፓወሩን ተጭነሽ ስታጠፊው የሚጻፍ ነው። ምክንያቱን አይነግርሽም።

አሟሟቱ ግን ይናገራል። የካርዱ ድራይቨር ሲያስቸግር ዊንዶውስ 2 ሰከንድ ይጠብቅና ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ጠቆር ብሎ ይመለሳል፣ ኢቨንት ቪወርም ላይ 4101 ይመዘገባል። አንቺ ጋ ይህ የለም። ዊንዶውስ የሚይዘው ስህተት ሲሆን ብሉ ስክሪን ያመጣል። እሱም የለም። ካፕስ ሎክ እንኳ እምቢ ካለ ዊንዶውስ ምንም ለመመዝገብ ጊዜ ሳያገኝ ነው የቆመው። እንዲህ ሲሆን እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወሩን፣ ራሙንና ማዘርቦርዱን ነው። ካርዱም ሊሆን ይችላል። ግን ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ያልሞከረ ሰው "አልቆለታል" ማለት የለበትም። በሰው ገንዘብ እንዲህ አይፈረድም። በእውነት ያናድደኛል።

ምንም ሳትገዢ ፓወሩን መፈተን ትችያለሽ። 3070 የሚወስደው 220 ዋት ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኝና የካርዱን ፓወር ሊሚት ወደ 60 በመቶ አውርጂ። ሬንደሩ ይዘገያል እንጂ ካርዱ አይጎዳም። እንዲህ አድርገሽ ካልቆመ ፓወር ሰፕላዩ ጭነቱን እየቻለ ላይሆን ይችላል። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን ሶኬት ካለው ደግሞ እዪው። አንድ ኬብል ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ላይ ተሰክቶ ከሆነ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች አምጪለት። ሁለቱን ነገር በአንድ ቀን አታድርጊ፤ የትኛው እንደፈታው ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

ሬንደር_በሌሊት

እግዜር ይስጥልኝ። እንደነገርከኝ መጀመሪያ ፓወሩን ወደ 60 አወረድኩ። ካርዱ ከ130 ዋት ብዙም አያልፍም ነበር። ሉሚዮን ላይ ትልቁን የአፓርታማ ሲን ከፈትኩ፣ አሁንም ቀጥ አለ። ኬብሉ እንዳልከው አንድ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ለይቼ ሰካሁት። ለውጥ የለም።

ልብ ያልኩት ነገር ግን አለ። ትንንሽ ሲኖች ካርዱን መቶ በመቶ እያሠሩት እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳሉ። የሚቆመው ዛፍና ሰው የበዛበት፣ ቴክስቸሩ (ዕቃዎቹ ላይ የሚለበጠው ምስል) ትልልቅ የሆነ ሲን ላይ ነው።

ጎንደር_ኮድ

ቆይ፣ እዚህ ጋ ሁሉም ያለፈው ነገር አለ። ዚፑ!

አንድ ፋይል አንዴ "ተበላሽቷል" ተብሎ፣ ሳይነካ ቆይቶ ከተከፈተ ፋይሉ ደህና ነው። የተበላሸው ሲነበብ ያረፈበት ቦታ ነው፣ ማለትም ራሙ። ዚፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ፋይል በቼክሰም (ከይዘቱ በሚሰላ መቆጣጠሪያ ቁጥር) ይመሳከራል፣ ለዚህ ነው ትንሽ ስህተት እንኳ የሚያጋልጠው። ብሌንደር በራሱ መዘጋቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ60 በመቶ ፓወር መቆሙ ጥርጣሬውን ከፓወር ሰፕላዩ ያርቀዋል። ትንሽ ሲን በሙሉ ጭነት መሥራቱ ደግሞ ለካርዱ ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን የራምሽን ነገር ልንገርሽ። ዲዲአር4 በመደበኛ አሠራሩ 1.2 ቮልት ነው የሚጠቀመው። 3200 ላይ የሚያስኬደው ኤክስኤምፒ የሚባለው ፕሮፋይል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይፈልጋል። ፋብሪካው የሞከረው በአንድ ካርቶን የተሸጡትን ሁለቱን እንጂ ከሌላ ካርቶን ጋር ተደባልቀው አይደለም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ የፕሮሰሰርሽ አምራች ኤኤምዲ ለራይዘን 3000 ተከታታይ 3200ን የሚያረጋግጠው ለሁለት ራም ነው። አራቱም ቦታ ሲሞላ እንደ ራሞቹ ዓይነት ወደ 2933 ወይም ወደ 2667 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ብዙ ማሽን ይሠራል፣ ግን ዋስትና የለውም። ኦቶካድና ፊልም ይህን ያህል ራም አይነኩም። ትልቁ ሲን ሲከፈት ግን ራሙ ይሞላል፣ ቴክስቸሩም ያለማቋረጥ ከራም ወደ ካርዱ ይጓዛል። ያኔ ነው ድክመቱ የሚወጣው።

ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተኛ ፍላሽ ላይ ጫኝና ኮምፒውተሩን በሱ አስነሺ። መጀመሪያ አሁን ባለበት ሁኔታ ፈትኚ። ቀይ ስህተት ከመጣ ሁለት ሁለቱን ለየብቻ ሞክሪ፣ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ እየሰካሽ። በመጨረሻ አራቱንም መልሺና ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተሽ ፍጥነቱን 2666 አድርጊው፣ ያው 2667 ማለት ነው። ነጻው ቅጂ 4 ዙር ድረስ ይሄዳል፣ ማታ ለቀሽው ተኚ።

ሬንደር_በሌሊት

አገኘነው!

አራቱ በ3200 ሆነው ስህተቱ ስክሪኑን ቀይ በቀይ አደረገው። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጌ ለየብቻ ፈተንኳቸው። አሮጌዎቹም አዲሶቹም 3200 ላይ ንጹሕ ናቸው! መሐል ላይ መብራት ጠፍቶብኝ አንዱን ፈተና ከመጀመሪያ ጀምሬያለሁ። አራቱንም መልሼ 2666 ላይ ሳደርጋቸው 4ቱም ዙር ያለ አንድ ስህተት አለፈ። ማለትም የተበላሸ ራም የለም፣ አንድ ላይ ያን ፍጥነት መሸከም አቅቷቸው ነው።

የአፓርታማው ሲን ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሆኖ ጠዋት ጨርሶ አገኘሁት። የካርዱን ፓወር ወደ መቶ መልሻለሁ። ፍጥነቱ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ሬንደሩን የሚሠራው ካርዱ ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። ለካርድ ያልኩት ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።

ሐዋሳ_3ዲ

ደስ ሲል! እኔም አራት ራም ነው ያለኝ፣ ዛሬ ማታ እፈትናለሁ።

ጎንደር_ኮድ

ደስ ብሎኛል። አንድ ሥራ ግን ይቀርሻል። ራሙ ሲሳሳት ስህተቱ እዚያው አይቀርም። ፋይል ከፍተሽ ሴቭ ስታደርጊ አብሮ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ዊንዶውሱም ፎርማት የተደረገው ራሙ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ክፈቺና "ኤስኤፍሲ ስካን ናው" (sfc /scannow) የሚለውን ትዕዛዝ አስኪጂ፣ የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን ፈልጎ ይጠግናል። ከዚያ ራሙን ከጨመርሽ ወዲህ ሴቭ ያደረግሻቸውን ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ እየከፈትሽ እዪ። አልከፈት ያለሽ ካለ፣ ብሌንደር ከጎኑ ስሙ በ1 የሚያልቅ የቀድሞ ቅጂ ያስቀምጣል። አኒሜሽን ስትሠሪም በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጪ፣ ፍሬም በፍሬም በምስል አውጪ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ትቀጥያለሽ።

ሬንደር_በሌሊት

ትዕዛዙን አስኬድኩት፣ የተበላሹ ፋይሎች አግኝቶ ጠግኛለሁ ብሏል። ፕሮጀክቶቹንም እየከፈትኩ ነው። አንድ የቪላ ሥራ አልከፈት ብሎኝ ከቀድሞው ቅጂ አስነሳሁት፣ የጠፋብኝ የአንድ ማታ ሥራ ብቻ ነው። እስካሁን ያየኋቸው ሌሎቹ ደህና ናቸው።