አስቸኳይ፦ ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው እያለከለኩ ነው፤ በእጄ ደግሞ የ1,140 ዶላር ዝርዝር አለ

የኪዱ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የጨው ውሃ አኳሪየም ገዝተን ትናንት ሁለት ክላውንፊሽ አስገባን። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃው እንደ አጓት ነጣ ብሏል። ልጄ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለኝ። ዓሦቹን የገዛንበት ሱቅ ስደውል "ዕቃ ጎድሎሻል" ብለው ዝርዝር ላኩልኝ። ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) 240፣ የኮራል መብራት 420፣ የዩቪ መብራት (ጀርም የሚገድል) 160፣ የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ 130፣ ለጀማሪ የሚሆን ኮራል 190። ድምሩ 1,140 ዶላር! እስካሁን 605 ዶላር አውጥተናል። ከዚህ ውስጥ ዛሬ ማታ የትኛውን ልግዛ? ሱቁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይዘጋል።

ሰማያዊ
ውሃ ለውጪ። ግማሹን። አሁኑኑ።

የጣና ልጅ
እህቴ አይዞሽ። እኔ ስለ ዓሣ የማውቀው ባሕር ዳር ተጠብሶ ሲቀርብ ነው። ግን 1,140 ዶላር ስንት በግ እንደሚገዛ አስቤ ደነገጥኩ። ችግሩ ጨው ከሆነ ደግሞ እናቴ ቤት አሞሌ አለ፤ እልክልሻለሁ።

ጋሽ ቧንቧ
እታለም፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ገንዳው ስንት ጋሎን ነው? ከሞላችሁት ስንት ቀን ሆነው? ውሃውን ከየት ቀዳችሁት? የት ከተማ ናችሁ?

የኪዱ እናት
ጋሼ አመሰግናለሁ። 40 ጋሎን ነው። ከነመቀመጫው፣ ከነፓምፑና ከነማሞቂያው ያገለገለ በ300 ገዛነው። ጨው 35፣ አሸዋ 50፣ ደረቅ ድንጋይ 40 ፓውንድ በ160፣ ዓሦቹ 60። ከሞላነው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውሃው ያው የቧንቧ ነው፤ ከየት ይመጣል? ሙቀቱ 78 ፋራናይት፣ የጨው መለኪያው 1.024 ይላል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነን።

ሰማያዊ
እኮ ውሃ ለውጪ ነው የምልሽ።

የባዮሎጂ መምህሩ
ዝርዝሩን ለጊዜው እንተወውና ውሃው ውስጥ የሚሆነውን እንረዳ። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ አብዛኛው በስንጥቡ በኩል ነው የሚወጣው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። ባሕር ውስጥ ግን አሸዋውና ድንጋዩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት ብዙ ካልሆነ ዓሣን አይጎዳም። እሱንም በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ እየለወጥን እናስወጣዋለን። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። እስኪበዙ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንደ እንጀራ እርሾ ቁጠሩት፤ ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ አይጣድም። ሌላም ነገር አለ። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 አካባቢ ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማ የሆነው ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ የወንዝ ዓሣ ለተወሰነ ጊዜ የሚችለውን መጠን የባሕር ዓሣ ላይችለው ይችላል። ውሃው መንጣቱም ምክንያት አለው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲፈሉ ውሃውን ያደፈርሱታል፣ ኦክሲጅኑንም ይሻሙታል። ይህንን በሚቀጥለው መልእክት በሰፊው እመለስበታለሁ።

ጋሽ ቧንቧ
መምህር ያሉት ልክ ነው፤ ግን ልጅቷ አሁን እሳት ላይ ናት። ሰማያዊ፣ አንተ ደግሞ ቆይ! የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምሪ። በአካባቢያችሁ የቧንቧ ውሃ የሚታከመው አብዛኛውን ዓመት በክሎራሚን ነው፤ በጸደይ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ። ክሎራሚን ማለት ክሎሪንና አሞኒያ አንድ ላይ ነው። የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፤ ሲፈርስም አሞኒያ ይለቃል። በገዛ እጅሽ መርዝ ትጨምሪያለሽ።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሪው፤ የውሃው ገጽ በደንብ ይናወጥ። ገንዳው ክዳን ካለው አንሺው። ኦክሲጅን የሚገባው እዚያ ነው፤ ዋጋውም ዜሮ ነው። ምግብ አትስጫቸው። ከዚያ ሱቅ ሂጂና ሁለት ነገር ብቻ ግዢ፦ የአሞኒያ መመርመሪያና የውሃ ማከሚያ። ማከሚያው ላይ "ክሎራሚን" እና "አሞኒያ" የሚል መጻፉን አይተሽ ግዢ። ክሎሪን ብቻ የሚያጠፋው አሞኒያውን ይተወዋል። ሁለቱም ተደምረው 30 ዶላር ቢደርሱ ነው። ለ40 ጋሎን የሚሆነውን ልክ ጠርሙሱ ላይ አንብበሽ ጨምሪ። ብዙ ሱቆች ደግሞ የተዘጋጀ የጨው ውሃ በጋሎን አንድ ሁለት ዶላር ይሸጣሉ። 15 ጋሎን ይዘሽ ነይ፤ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሲመሳሰል በእሱ ለውጪ። በዚህ ላይ ከሰማያዊ ጋር እስማማለሁ።

ከዝርዝሩ ዛሬ ማታ አንዱንም አትግዢ። ከዓሦቹ አንዱንም አያድነውም።

የሐይቅ ዓሣ ወዳጅ
ሁላችሁም ዋናውን ጥያቄ ዘለላችሁት። ለልጅ የጨው ውሃ አኳሪየም ለምን አስፈለገ? ያንኑ 40 ጋሎን በቧንቧ ውሃ ሞልቶ፣ ክሎራሚኑን አክሞ፣ በ50 ዶላር ዓሣ ማስገባት ይቻላል። ጨው የለ፣ የጨው መለኪያ የለ። እኔ ቤት የማላዊ ሐይቅ ዓሦች አሉኝ፤ ቀለማቸው ከኮራል ዓሣ አያንስም። እህቴ፣ ሳትከስሪ ውጪ።

የኪዱ እናት
ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሁለት ልደት ሙሉ መጫወቻ አልፈልግም ብሎ ለዚህ ነው ያጠራቀመው። ከ605 ዶላሩ 210ሩ የራሱ ነው። ስለ ባሕር ከእኔ በላይ ያውቃል። "እማ፣ ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ እንስሳ ነው" ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። የሐይቅ ዓሣ ብገዛለት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ጋሼ፣ ፓምፑን አዞርኩት። አሁን ወደ ሱቅ ልወጣ ነው።

ሦስት ዓመት በጨው
ስለ ወጪው እኔ ልናገር፤ ደረሰኞቼ አሉ። የእኔም 40 ጋሎን ነው፤ ሁሉንም አዲስ ነው የገዛሁት። ገንዳና መቀመጫ 350፣ መብራት 300፣ ፓምፖች 80፣ ሁለት ትንንሽ ማሞቂያዎች 60፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ 40፣ ድንጋይና አሸዋ 180፣ ውሃ ማጣሪያ 150፣ የጨው መለኪያና መመርመሪያዎች 110፣ ጨው 70፣ ስኪመር 200፣ ዓሣና የመጀመሪያ ኮራሎች 250። ድምሩ 1,790 ዶላር።

አሁን ያለኝ ልምድ ያኔ ቢኖረኝ ስኪመሩን አልገዛም ነበር። በ40 ጋሎን ውስጥ ለሁለት ትንንሽ ዓሣ በሳምንት 4 ወይም 5 ጋሎን መለወጥ ይበቃል። የ420 ዶላሩ መብራት የሚያስፈልገው ለኮራል ነው። ኮራል ከሌለሽ ተራ መብራት ይበቃሻል፤ እንደ ኮራል ዓሣ ከብርሃን ምግብ አያገኝም። ዩቪውን እርሺው። ውሃ የሚተካውን መሣሪያ በእጅሽ ትተኪዋለሽ፤ ጠዋት ጠዋት የተነነውን ያህል ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው። ጨው ያለው ውሃ እንዳትጨምሪ፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ለልጅሽ ይህን ሥራ ስጪው፤ መስታወቱ ላይ በእርሳስ መስመር ያስምር።

ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን ልንገርሽ። ዋናው ውሃ ማጣሪያው ነው። አር ኦ ዲ አይ የሚባለው፣ የቧንቧ ውሃ በስስ ቀዳዳ ገፍቶ የሚያጠራው። ክሎራሚኑን፣ ፎስፌቱን፣ ከቧንቧው የሚመጣውን መዳብ ያስቀራል። 150 ዶላር ነው። እሱን እስክትገዢ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ካለው የተጣራ ውሃ መቅጃ በጀሪካን ቅጂ። ሁለተኛው የሙቀት መቆጣጠሪያው ነው። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ይቀራል፤ ገንዳውን ያፈላዋል። ያገለገለ ማሞቂያ ላይ 40 ዶላር አትሰስቺ። ሦስተኛው የጨው መለኪያሽ ነው። ያ መርፌ ያለው የፕላስቲክ ከሆነ የአየር አረፋ ሲይዘው ከፍ አድርጎ ያሳያል። በብርሃን የሚታየው 30 ዶላር አካባቢ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ጨው ባለው ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክይው። የምትፈልጊው 1.025 ወይም 1.026 ነው።

የየወሩ ወጪም አለ፤ ይህን ሰው አይነግርሽም። የእኔ ገንዳ በአማካይ 160 ዋት ይበላል። በወር 115 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው፤ በ16 ሳንቲም ሂሳብ 18 ዶላር። ጨው፣ ምግብና የማጣሪያ ቅያሪ ሲጨመር 45 ዶላር ይደርሳል።

ኤላት አጠገብ
እኔ የምኖረው እስራኤል ነው። በዓመት አንዴ ኤላት ወርጄ ቀይ ባሕር ውስጥ በመነጽር እዋኛለሁ። የዚያ ውሃ ጨው ከሌላው ባሕር ይበዛል፤ በሊትር ወደ 40 ግራም። በገንዳ የምንጠብቀው 35 ነው። እዚያ ያለው ክላውንፊሽ ደግሞ ከእናንተው ይለያል፤ ሁለት ነጭ መስመር ነው ያለው። የሱቆቹ ባለሦስት መስመር ቀይ ባሕር ውስጥ አይገኝም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ልበል፦ ባሕር ወርዶ ኮራል መስበር እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው። ለገንዳ ሲባል እርባታ ላይ ከተቆረጠው ግዙ። ጣት የምታህል ቁራጭ በ20 እና በ30 ዶላር ይሸጣል፤ ይበቃል።

ጋሽ ቧንቧ
ይህን ስላነሳህ ለእናትየው አንድ ማስጠንቀቂያ። ለጀማሪ ተብሎ መጀመሪያ የሚሰጠው ዞአ የሚባለው አበባ የሚመስል ኮራል ነው። ያማረ ነው፣ በቀላሉ አይሞትም። ነገር ግን አንዳንዱ ዓይነት ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። እሱ ያለበትን ድንጋይ መቀቀል ወይም በሙቅ ውሃ መፈተግ ፈጽሞ ክልክል ነው። በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ አለ። ልጅ ባለበት ቤት በእንጉዳይ ኮራል ጀምሩ። እሱንም ከሦስት ወር በፊት አይደለም።

አዲስ ገቢ
ስለ አሞሌው ማንም አልመለሰም። እውነት አይሆንም እንዴ? ጨው ጨው ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ
አይሆንም። አሞሌም የወጥ ጨውም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔትም አለው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙና ከካርቦኔቱ ነው። በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም ይፈልጋል። በወጥ ጨው ቤቱን መሥራት አይችልም።

የጣና ልጅ
እሺ፣ አሞሌው ለበሬዎቹ ይቅር።

የኪዱ እናት
ተመለስኩ። መመርመሪያው 14፣ ማከሚያው 12፣ የተዘጋጀ የጨው ውሃ 15 ጋሎን በ22 ገዛሁ። ቀለሙ በደንብ አረንጓዴ ሆነ፤ በወረቀቱ ላይ በ1 እና በ2 መካከል ነው። ማከሚያውን ጨምሬያለሁ። ውሃው እየሞቀ ነው፤ አሁን 71 ደርሷል። ትልቁ ዓሣ ወረድ ብሏል፤ ትንሹ እዚያው ላይ ነው። ኪዱ እንዳስተኛው አልፈለገም፣ ብርድ ልብስ አምጥቼለታለሁ። ውሃውን እስክለውጥ እንዲሁ ልተወው?

ሰማያዊ
78 ሲደርስ ለውጪ። ቀስ ብለሽ አፍስሺ።

ጋሽ ቧንቧ
አዎ እታለም፣ ቀስ ብለሽ። ነገም ጠዋት አሞኒያውን ለኪ። ከ1 በታች ካልወረደ እንደገና ለውጪ። ሱቁ ነገ ሲከፈት ደውለሽ ዓሦቹን ለ5 ሳምንት ይይዙላችሁ እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንድ ሱቅ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይቀበላል። ገንዳው ያለ ዓሣ ይብሰል፤ መምህር ያሉት ባክቴሪያ ይብዛበት። በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ብትጨምሪ ይፋጠናል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሉ መልሳችሁ ታመጧቸዋላችሁ። ለኪዱም እንዲህ በይልኝ፦ እኔ በመጀመሪያው ገንዳዬ 4 ዓሣ ሞተውብኛል፤ እሱ ግን ሳይተኛ ጠብቋቸዋል።

የሐይቅ ዓሣ ወዳጅ
ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ልጁ ጎበዝ ነው። ዓሦቹ ይትረፉለት።

ሦስት ዓመት በጨው
ያገለገለ ገንዳ መሆኑን አሁን አስተዋልኩ። የሸጠላችሁን ሰው ዓሣ በመዳብ መድኃኒት አክሞበት እንደሆነ ጠይቂው። አክሞበት ከሆነ ኮራል ከማስገባትሽ በፊት የመዳብ መመርመሪያ ግዢ። ቀንድ አውጣና ኮራል መዳብ አይችሉም።

*(ከሦስት ቀን በኋላ)*

ጋሽ ቧንቧ
እታለም፣ እንዴት ሆነ? ትንሹስ?

ሰማያዊ
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

*(ከሁለት ሳምንት በኋላ)*

ዱባይ ነኝ
ሰላም። የኪዱን እናት ነገር አንብቤ ነው የመጣሁት። እኔም 20 ጋሎን ልጀምር ነው። ክፍሌ ውስጥ ኤሲ አለ፤ ግን ለሥራ ስወጣ አጠፋዋለሁ። በበጋ ውሃው 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ማቀዝቀዣ የግድ ነው? በጣም ውድ ነው።

ሦስት ዓመት በጨው
31 ለኮራል ይበዛል፤ 26 አካባቢ ይሻለዋል። መጀመሪያ ውሃው ላይ የሚነፋ ትንሽ ማራገቢያ ሞክር፤ እየተነነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊያወርድልህ ይችላል። ውሃ ግን ቶሎ ቶሎ ትተካለህ። ለመሆኑ ውሃህን ከየት ነው የምትቀዳው?