ውርጭ የካና አበባውን አቃጠለው፤ የኩሬው ፓምፕና ማጣሪያ ተጋልጧል፣ በምን ልሸፍነው?

የሱሉልታዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የትናንት ሌሊት ውርጭ ኩሬው ዳር ያለውን ካና በሙሉ አጠቆረው። ከጀርባው የነበሩት ሰማያዊ የማጣሪያ በርሜል፣ ፓምፑና ቧንቧው አሁን ፊት ለፊት ይታያሉ። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ክርስትና አለ። በየዓመቱ የማልተክለው፣ ውርጭ የማይጥለው ምን አለ?

የባሕር ዳር ልጅ፦ ደንገል ትከይ እህቴ። ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፣ ለውሃ ዳር እሱን የሚያህል የለም።

አትክልተኛው፦ ደንገል ለጣና ነው፤ ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ። ካናን ያጠቆረ ውርጭ ደንገልንም አይምረውም። እህቴ፣ ካናውን ግን አትንቀይው። የተቃጠለው ቅጠሉ ነው እንጂ ሥሩ አልሞተም። ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪውና ገለባ ደረብ አድርገሽ አልብሺው፣ ውርጩ ሲያልፍ ያቆጠቁጣል። የበርሜሉ ወርድ ስንት ነው? ኩሬውስ ጂኦሜምብሬን (የፕላስቲክ ሸራ) ነው ወይስ ሲሚንቶ?

ፊላ፦ ፊላ ትከይ፣ በአንድ ክረምት ይሸፍንልሻል።

የሱሉልታዋ፦ ጂኦሜምብሬን ነው። በርሜሉና ፓምፑ አንድ ላይ ሜትር ተኩል ይሆናሉ።

አትክልተኛው፦ እንግዲያው ፊላን እርሺው። ከመሬት ሥር የሚሄደው ሥሩ ጫፉ ሹል ስለሆነ ሸራውን ይበሳዋል። ቀርከሃም እንደዚያው። ፊላው የግድ ከተባለ፣ አንገቱ በተቆረጠ፣ ታቹ ባልተበሳ ጀሪካን ውስጥ ብቻ ይተከላል። ለአንቺ የሚሻለው የደጋው አሸንዳ ነው፤ ያ ችቦ የመሰለ ብርቱካናማ አበባ ያለው። የአገራችን ተክል ነው፣ ውርጩንም ለምዶታል። ባለበት እየወፈረ ይሄዳል እንጂ ሥሩ አይዘምትም። ለሜትር ተኩል ሰባት ችግኝ ይበቃሻል፦ ከኋላ አራት፣ ከፊት ደግሞ በክፍተቱ ትይዩ ሦስት፣ በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት። አንገቱ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳልና ከውሃው ጠርዝ ከፍ አድርገሽ ትከይው። ጠርዙ ላይ ቀጠማ ይሁን፤ ለቡናም ታጭጂለታለሽ።

ሰበታ ችግኝ፦ እኔ በጥያቄው አልስማማም። ዓይን የሚስበው ሰማያዊው ቀለም ነው እንጂ የተክል ማነስ አይደለም። በርሜሉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ከውጭ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ ቀቢው። ሳይፈገፈግ የተቀባ ፕላስቲክ ቶሎ ይላጣል። ከዚያ ግማሽ ተክል ይበቃል።

የባሕር ዳር ልጅ፦ እኔ አሁንም ደንገል እላለሁ። ወይ እምቦጭ ጣል አድርጊበት፣ ቧንቧው ውሃ ውስጥ የገባበትን ይሸፍናል።

አትክልተኛው፦ እምቦጭ በፍጹም! ጣናን ያየ ሰው ይህን ይመክራል? ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ያለው አይበቃም?

ጋሽ ቧንቧ፦ ልጄ፣ ተክሉን ከመምረጥሽ በፊት ስለ ሞተሩ ስሚኝ። ከውሃ ውጭ የሚቀመጥ ፓምፕ የሚበርደው በነፋስ ነው። ዙሪያውን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዪ፤ ቅጠል ከታቀፈው ይግላል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። የማጣሪያው ክዳን በሚከፈትበት በኩል 60 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይኑር፣ አለዚያ ባጠብሽው ቁጥር አሸንዳውን ትረግጫለሽ። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቅና ጠንካራውን ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ይስበዋል። ከፓምፑ አጠገብ ግማሽ ሜትር ተጣጣፊ ቱቦ አስገቢ። መገጣጠሚያው እያንጠባጠበ ከሆነ ሳይጠገን አትትከይ፤ ከሥር የሚረጥበው ተክሉን ያበሰብሰዋል።

እትዬ ጽጌ፦ ካላ ሊሊ የሚባለው አበባም ውርጭ ቢነካው ከሥሩ ይመለሳል፣ ረግረግም ይወዳል። ነገር ግን ጭማቂው የሕፃን አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ክርስትና ላይ ልጅ አይጠፋም፣ እጃቸው በሚደርስበት አታድርጊው። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ባለበት ደረቅ ወገን የጥብስ ቅጠል ትከይ፤ ውርጭ ይችላል፣ ርጥበት ግን አይወድም። እበትም ትኩሱን አትጨምሪ። ታጥቦ ኩሬ ሲገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል።

ሰበታ ችግኝ፦ ለቅዳሜ ግን ምንም ተክል አይደርስም። የተሸመነ ቀርከሃ በሁለት ቋሚ ላይ ወጥሪ፣ ከበርሜሉ 40 ሴንቲ ሜትር አርቀሽ። ከፊቱ የጥብስ ቅጠል በማሰሮ ደርድሪ። አሸንዳውን ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ መሬት ታስገቢያለሽ።

ጋሽ ቧንቧ፦ ቋሚውን ስትቆፍሪ ገመዱ በየት እንዳለፈ እወቂ። ብሬከሩን ሳታጠፊ ዶማ አታንሺ። ገመዱ ቱቦ ውስጥ ነው ወይስ እንዲሁ ተቀብሮ ነው?