ድንጋይ ላይ የምትለጠፈዋ ትንሽ አክንባሎ ምንድን ናት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሙስካት ነው። ዓርብ ዓርብ ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው ጫፍ ያሉት ድንጋዮች ላይ እቀመጣለሁ። እዚያ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ልክ እንደ ምጣድ አክንባሎ ሾጠጥ ያለች ዛጎል ሞልታለች። ባዶ መስላኝ ገፋ ሳደርጋት ነቅነቅ አለች፤ ደግሜ ስነካት ግን ጥብቅ አለች፣ በጥፍሬም አልላቀቅ አለችኝ። አንዷን በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩባት። አምስት ዓርብ ሄድኩ፤ አምስቱንም ጊዜ እዚያው ስንጥቅ አጠገብ አገኘኋት። ድንጋዩ እኮ እግር ያቃጥላል! ካልተንቀሳቀሰች ምን ትበላለች? የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ሐሳቤ እዚያው ቀርቷል።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሊምፔት ትባላለች፤ የቀንድ አውጣ ወገን ናት። ትንቀሳቀሳለች፣ አንቺ የምትደርሺው ግን ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ውሃ ሲያርሳት ወጥታ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስስ አልጌ ትፍቃለች፤ ብዙዎቹ የራሳቸውን ልጋግ ዱካ ተከትለው ወደዚያችው ቦታ ይመለሳሉ። የዛጎሉ ጠርዝ ከድንጋዩ ጉብጥና ስርጉድ ጋር እየገጠመ ስለሚያድግ ውስጧ ያለው እርጥበት አያመልጥም። ፀሐዩን የምትችለው በዚህ ነው። ጥርሷ ደግሞ ጎታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለው፤ የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓዋን ሊምፔት ጥርስ ሲለኩ በጥንካሬ ከሸረሪት ድር በልጦ ነው ያገኙት።

መልስ 2፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ ግን የብረቱ ጥርስ የእውነተኞቹ ሊምፔቶች ነው። በዚያ ባሕር ሲፎናሪያ የምትባል ሌላ አለች፤ መልኳ ያው አክንባሎ ሆኖ ዝምድናዋ በክረምት ግቢያችን ከሚወጣው ቀንድ አውጣ ጋር ይቀርባል፣ አየርም ትተነፍሳለች። ጠርዟን እይው፤ በቀኝ ጎኗ በኩል አበጥ ያለ ቦታ ካለ እሷ ናት። እንቁላሏን ዝልግልግ ባለ ጥቅል ድንጋዩ ላይ ትጥላለች። እባክሽ እንዳትፈነቅያት፤ ሥጋዋ ከተቀደደ አትተርፍም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አየሁ፤ ጠርዟ በአንድ ጎን አብጧል፣ ከአጠገቧም ቢጫማ ጥቅል አለ፤ ለካ ያ ቆሻሻ የመሰለኝ እንቁላል ኖሯል! ልጆቹ እንዳይረግጡት ከለከልኳቸው። አመሻሽ ላይ ውሃው ሲመለስ ቆይቼ ጠበቅኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቀዩ ነጥብ ከስንጥቁ በጣት ስፋት ራቅ ብሎ አየሁት።